መዝሙር መስሎኝ

እኛ ቤት ዘፈን የዓለም፣ መዝሙር የጌታ ነው፤ ሁለቱን መቀላቀል የለም። ስለዚህ ኮሮና በገባ ዓመት መጨረሻ ላይ፣ እዚህ አሜሪካ፣ ኮለምበስ ከተማ፣ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌን ቤታቸው ሄጄ እንድንከባከብ ስመደብ፣ ሳሎኑን የሞላው የዘፈን ሸክላ ክምር አስደነገጠኝ።

ሽማግሌው በወጣትነታቸው በከተማዋ ምሥራቅ በኩል በነበሩ የምሽት ክበቦች ኦርጋን ይጫወቱ ነበር። ሃይዌይ የሚሉት ሰፊ አውራ ጎዳና ሰፈሩን ለሁለት ሰንጥቆት ሲያልፍ ክበቦቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። እኔ በተመደብኩበት ሰሞን ደግሞ ባለቤታቸው በኮሮና ሞተውባቸው፣ ቀብሩን በስልክ አይተው ምግብ እምቢ ብለዋል። የምትከታተላቸው ነርስ እንዲህ ከቀጠሉ የበረዶውን ክረምት እንደማይወጡት ነግራኛለች። እኔም እንደኛ አገር ልማድ ማንኪያውን አስጠግቼ «በሞቴ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ብላቸው፣ ክው ብለው «አንቺም ልትሞቺ ነው?» አሉኝ።

ባይበሉም ሸክላ ያስከፍቱኝ ነበር። አንዱን በጣም ወደድኩት። ሴትዮዋ ከወደቀችበት ያነሳትን፣ ያለ እሱ መቆም የማትችለውን እያለቀሰች ታመሰግናለች። እንዲህ የሚመሰገን ከጌታ በቀር ማን አለ? አንድ ጠዋት አጃ እያማሰልኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ መሃል መሃል ላይ አሜን እያልኩ ጮክ ብዬ ዘመርኩት።

ከኋላዬ ሲያስላቸው ሰማሁ። ትን ያላቸው መስሎኝ ስሮጥ፣ ለካ እየሳቁ ነው፤ እንባቸው ይወርዳል።

«ልጄ፣ ያ የምታመሰግነው ሰውዬ እኮ ጌታ አይደለም» አሉኝ። «ባሏም አይደለም!»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ስለ ዘፈኑ ማውራት ጀመሩ። ዘፋኟ ዜማውን የተማረችው ቤተ ክርስቲያን ነው አሉ። እሳቸውም ቅዳሜ ማታ ክበብ ውስጥ፣ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሚጫወቱት በዚያው ጣት ነበር። ባለቤታቸውን መጀመሪያ ያዩዋቸውም አንድ ቅዳሜ ማታ ክበቡ ውስጥ በዚህ ዘፈን ሲጨፍሩ ነው፤ በማግስቱ መዘምራን መሃል ቆመው አገኟቸው።

«ሁለቱንም ቀን ያው ሴት ነበረች» አሉኝ።

አጃው ቀዝቅዞ ነበር። ላሙቀው ብል ከለከሉኝ።

«ብበላ ደግመሽ ትዘፍኚዋለሽ?»

በእንግሊዝኛ መዝፈንና መዘመር አንድ ቃል ነው፤ የትኛውን እንዳሉኝ ግን ገብቶኛል። ማንኪያውን ሰጠኋቸው። በሕይወቴ አውቄ የዘፈንኩት የመጀመሪያ ዘፈን እሱ ነው፤ እሳቸው እየበሉ፣ እኔ እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ።