ቀለም አልይዝ ያለችው ቮልስ

«ዝገት የሚወድ ሰው ራሱ ዝጓል!» አሉኝ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ ፊት ለፊት፣ ጎረቤት እየሰማ።

«እንግዲያው አይጠጉኝ፣ ልብስዎን አበላሻለሁ» አልኋቸው። ከኋላዬ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

ነገሩ የአባቴ ቮልስ ናት። አባቴ የፋብሪካ መካኒክ ነበር፤ የገዛት እኔ ሳልወለድ ነው። ያኔ ሰማያዊ ነበረች አሉ። እኔ ሳውቃት ግን ፀሐይና የጣና ሐይቅ እርጥበት እየተፈራረቁ ልጠዋት፣ ሰማያዊዋ አመድ መስሏል፣ ጣሪያዋ እንደ ድልህ ቀልቷል። «ምነው ብታሳድሳት?» ይሉታል። ምኗን ነው የሚያሳድሰው? አዲስ መኪና አይቻለሁ፤ አንዱን ያየ ሁሉንም አየ። የእኛዋን የምትመስል ግን ከዚህ እስከ ጎንደር የለችም! የፊት ክዳኗ ላይ ዝገቱ ራሱን ጣናን ሠርቶታል። መሀሉ ላይ ሳትላጥ የቀረች አንዲት ሰማያዊ ነጥብ አለች፤ እሷን ደቅ ደሴት ብያታለሁ።

ዝገት ዝም ካሉት ብረቱን ይበላል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴ ከሞተሩ ያወጣውን የተቃጠለ ዘይት በጨርቅ እየነከርሁ አሻት ነበር። ዝገቱ ዘይቱን ይጠጣና እንደ ለፋ ቆዳ ያበራል። ወይ ማብረቅረቅ! እጄን መልሼ መልሼ ነው የማሳርፍባት።

ለአብዮት በዓል ወደ አስፋልቱ የዞረ አጥር ሁሉ አረንጓዴ ይቀባ ተባለ። የእኛ ቤት አስፋልት ዳር ነው። አጥሩ ሲያልቅ ሊቀመንበሩ ቮልሷን አዩ። «እሷም ትቀባ! እንግዳ የሚያልፈው በዚህ ነው።» ያንን ስድብ የጠጣሁት እንቢ ብዬ ነው። አባቴ ግን ምን ይበል? «ይቀቧት» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ቀቢው ከአጥሩ የተረፈውን፣ ውሃ የበዛበትን ቀለም ይዞ መጣ። ብሩሹን ከጣሪያዋ እስከ በሯ አወረደው። ቀለሙ ቁልቁል ተንሸራቶ እግሩ ሥር ተጠራቀመ። ደገመ። ያው!

«ኧረ ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቺ መኪና ናት ወይስ ቅቤ የተቀባች ሙሽራ?» አለ ቀቢው።

ዘይቱ! ቅዳሜ ቅዳሜ ያሸሁት!

«በቤንዚን እጠባት» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ቤንዚን ከየት አባቴ ላምጣ? በኩፖን የሚሰፈረውን ለማጠቢያ?»

ሳቄ አመለጠኝ። ሊቀመንበሩ ወደ አባቴ ዞሩ። «ነገ በጧት እዚህ ባያት፣ አስጎትቼ ለብረት አቅላጭ ነው የምሰጣት!»

አባቴ ደግሞ አሁኑኑ ከፋብሪካው ሠራተኞች ጋር ለሰልፍ ልምምድ ሊሄድ ተጠርቷል፤ መቅረት አይቻልም። እኔ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ወራት አልፈዋል፣ ቁልፏን ግን ብቻዬን ይዤ አላውቅም። «ሰፈር ውስጥ፣ እኔ ካለሁ» ባይ ነው። አክስቴ ያለችው ደግሞ ከዓባይ ድልድይ ማዶ ነው፤ ግቢዋ ሰፊ ነው፣ አጥሩም ከመንገድ የራቀ።

«እኔ አክስቴ ዘንድ ልውሰዳት» አልሁት።

«አንቺ? ብቻሽን?»

«ታዲያ ትቅለጥ?»

እጁን ኪሱ ከተተ፣ አወጣ፣ እንደገና ከተተ። ከዚያ ቁልፉን መዳፌ ላይ ጣል አደረገው። «ቀስ እያልሽ። ፍሬኗ ሁለቴ ካልተረገጠ አይዝም።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ!»

ቮልሷ እንቢ፣ እንቢ ስትል ቆይታ ተነሳች። ቀለሙ ገና ከበሯ እየተንጠባጠበ፣ በአረንጓዴው አጥር ጥግ ታጠፍሁና ወደ ዓባይ ድልድይ ነዳኋት።