ለሰንበት የተነቀለው ኪቦርድ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ሽሎሞ አንድ ካቻቪቴ፣ አንድ ቴስተር፣ አንድ መበየጃና አንድ ወንበር ሰጠኝና ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል አሳየኝ። መስኮት የላትም። «ከደንበኛው ጋር እኔ ከፊት አወራለሁ፤ አንተ ከኋላ ከዕቃው ጋር ታወራለህ» አለኝ። ዕብራይስጤ ገና ኮልታፋ ስለነበረ ደስ አለኝ። አዲስ አበባ ሬዲዮ ስጠግን ነው ያደግሁት፤ ዕቃ መቼም አገር አይለይም ብዬ ተቀመጥኩ።

እንደተቀመጥኩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ። እዚህ እስራኤል፣ ረሆቮት ከተማ ውስጥ ድምፁ የጠፋ ኦርጋን፣ ቁልፉ የተሰበረ ኪቦርድ፣ ቢራ የተደፋበት ማጉያ በእጄ ያላለፈ የለም። ሽሎሞ ጡረታ ሲወጣ ሱቁን ለልጁ አስረከበ፤ እኔንም ከነወንበሬ አስረከበኝ። የደንበኞቼን ስም የማውቀው ዕቃው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ነው። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ከሰው ጋር አንድ ቃል ሳልለዋወጥ የዋልኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ብቸኝነት ነበር፤ እኔ ግን ሥራ በዝቶብኝ ነው እል ነበር።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ስለ ደሳለኝ ኪቦርድ ነው። ደሳለኝ የሰርግ ሙዚቀኛ ነው፤ ከአባቱ ከአባ ተገኘ ጋር ክፋር ግቢሮል ሰፈር ይኖራል። አንድ እሁድ ጠዋት ኪቦርዱን ተሸክሞ ከፊት ሱቁ ውስጥ ማንንም ሳያናግር እኔ ክፍል ገባ።

«ጋሼ ይርጋ፣ ሞቷል» አለኝ። «ማክሰኞ ቂርያት ዔቅሮን ሐቱና አለብኝ፤ የእኛ ሰዎች ሰርግ ነው።»

«ምን ነካው?»

«ምንም። ራሱ ነው የጠፋው።»

ሲበራ ስክሪኑ ላይ የፋብሪካው ምልክት ይመጣና እዚያው ይቀራል። ቁልፉ ቢነካ ድምፅ የለም። እንደለመድኩት ከኤሌክትሪኩ ጀመርኩ። አዳፕተሩን ለካሁ፤ ደህና ነው። ከፍቼ ቦርዱን በቴስተር አንድ በአንድ ፈተሽኩ። ያበጠ ካፓሲተር የለም፣ የተቃጠለ ፊውዝ የለም። ኬብሎቹን ሁሉ ነቅዬ መለስኩ። እሁድ በዚህ አለቀ፤ ሰኞም ግማሹ ሄደ። የጤነኛ ሰው ሆድ ቀዶ እንደማየት ነበር።

ሰኞ ከቀትር በኋላ አባ ተገኘ ብቻቸውን መጡ። ተነስቼ ወንበሬን ለቀቅኩላቸው፤ በዚያች ክፍል ሁለተኛ ወንበር ኖሮ አያውቅም።

«ልጄ፣ ዕቃውን የገደልኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደሳለኝ ዓርብ ከሰዓት አዲስ ፈርምዌር፣ ማለትም መሣሪያው ሲበራ መጀመሪያ የሚያነበውን ፕሮግራም፣ መጫን ጀምሮ ገላውን ሊታጠብ ገባ። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል አባ ተገኘ ሳሎን ቢገቡ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ገመዱን ነቀሉት።

«እሳት መስሎኝ አይደለም፤ ያን ያህልስ አልጃጀሁም» አሉኝ። «ግን በእኛ ቤት ሰንበት ሲገባ የሚሠራ ነገር አይቀርም። አገር ቤት እናቴ ፍሙን ሁሉ አጥፍታ፣ ምድጃውን አቀዝቅዛ ነበር ሰንበትን የምትቀበለው። እዚህ፣ ከሰንበት በፊት የበራ ይብራ ይላሉ። እኔ እንደሱ አላደግሁም።»

«ደሳለኝ ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«አፍሮብኝ ነዋ። ከዓርብ ጀምሮ አያናግረኝም። የመጨረሻ ቃሉ፣ ውስጡ ያለው ሥራዬ ከጠፋ ቤት ተከራይቼ እወጣለሁ ነው። እሱ ከወጣ እኔ ከማን ጋር እቀመጣለሁ?»

ኪቦርዱን ወደ ራሴ ሳብኩት። «አንተስ ልጅ አለህ?» አሉኝ።

«አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ፤ ሐይፋ ነው የምትኖረው።»

«ትመጣለች?»

«ሥራ ይበዛባታል» አልኩ። ከፋሲካ ወዲህ እንዳልደወለች አልነገርኳቸውም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። አሁን በሽታው ታወቀ፤ ፕሮግራሙ ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ አዲስ ሆኖ ቀርቷል። እንዲህ ሲሆን ሁለት ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ማብራት ነው፤ ያን ጊዜ መሣሪያው ፕሮግራሙን ከፍላሽ ላይ እንደገና ያነባል። አዲሱን ፍላሼን አላነበበልኝም፤ እነዚህ ዕቃዎች ትልቅ ፍላሽ አይወዱም። ከመሳቢያ አንድ ትንሽ አሮጌ ፍላሽ አውጥቼ ፎርማት አደረግሁትና የፕሮግራሙን ፋይል ብቻውን ጫንኩበት። አሁን ስክሪኑ ላይ የመጫኑ መስመር መሙላት ጀመረ። እስኪያልቅ አባ ተገኘ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው መሃል ወሽቀው ተቀመጡ።

ተነሳ። ግን ወዲያው ሌላ ጽሑፍ መጣ፤ ማኅደሩ ተበላሽቷል፣ ሁሉም ይሰረዝ ወይ ይላል። የኪቦርዱ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ላለው ቴክኒሻን ደወልኩ። «ሰርዘው። ካልሆነ ቦርድ መቀየር ነው፤ ስድስት ሳምንት» አለኝ።

ማኅደሩ ውስጥ ያለው የደሳለኝ ቅኝት ነው። ኪቦርድ ከፋብሪካ የሚመጣው በፈረንጅ ቅኝት ነው፤ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በደንብ እንዲወጡ አንዳንዱን ድምፅ ለአመል ያህል ዝቅ፣ አንዳንዱን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ደሳለኝ እዚህ የተወለደ ልጅ ነው፤ ከካሴት እየሰማ፣ እየሞከረ፣ በዓመታት ያገኘው ነው። ሌላ ቦታ አልገለበጠውም።

ያን የመሰረዣ ቁልፍ እኔ ልጫነው አይገባኝም። ደሳለኝን ጠራሁት። መጣ፤ አባቱን ወንበሬ ላይ አየና ሰላም ሳይል ስክሪኑን አነበበ። ቴክኒሻኑ ያለኝን ነገርኩት። ራሱ ተጫነው።

መሣሪያው ባዶ ሆኖ ተነሳ። አምባሰል ሞከረ። «የፈረንጅ ሆነ» አለ። ሁለት ሦስቴ ሊያስተካክል ሞከረና ተወው። «ያላ፣ በቃ፣ ሌላ ሙዚቀኛ ይፈልጉ» ብሎ ገመዱን መጠቅለል ጀመረ።

አባ ተገኘ በአገራቸው የሰርግ ዘፈን አውጪ ነበሩ። እኔ አላውቅም ነበር፤ ደሳለኝም የሚያውቀው በወሬ ነው። ከወንበሩ ሳይነሱ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው አንድ ዜማ አወጡ፣ በቀስታ። ደሳለኝ ቀና ብሎ አላያቸውም፤ ጣቱ ግን ወደ ቁልፉ ሄደ።

«ዝቅ አድርገው» አሉ።

ዝቅ አደረገው።

«አልፈህ ሄድክ። መልስ፣ ጥቂት።»

«እንዲህ፣ አባ?»

ከዓርብ ወዲህ ለአባቱ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

«እንደሱ። ቤሰደር፣ ደህና ነው» አሉ አባ ተገኘ።

ሱቁ እስኪዘጋ እንዲህ ቆዩ። አባት ያዜማል፣ ልጅ ይቃኛል፤ እኔ የያንዳንዱን ድምፅ ቁጥር ካርቶን ላይ እጽፋለሁ። መጨረሻ ላይ ሁሉንም ፍላሹ ላይ ገልብጬ ሰጠኋቸው። ደሳለኝ ኪቦርዱን፣ አባ ተገኘ ገመዱን ይዘው ወጡ። እስከ በሩ ድረስ ስለ አንድ ድምፅ ይከራከሩ ነበር። ቀናሁባቸው፤ አልደብቅም። ወንበሬ ላይ ተመልሼ ብቀመጥ ክፍሏ ጸጥ አለችብኝ።

ማክሰኞ ደሳለኝ ሰርጉን ተጫወተ። ዛሬም የሚኖረው ከአባቱ ጋር ነው።

ጥገና ለምትጀምሩ የምለው ይህ ነው። ዕቃ ከመክፈታችሁ በፊት መጨረሻ የነካው ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ያመጣውን ብቻ ሳይሆን የነካውን ራሱን ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ የማውቅ እየመሰለኝ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ያልጠየቅሁት ስለ ዕቃ ብቻ ቢሆን ኖሮ አይቆጨኝም ነበር፤ ልጄንም ለምን እንደማትደውል ጠይቄያት አላውቅም።