ሳልመዘገብ የቆመልኝ ማኅበር

ከዐረብ አገር ተመልሼ ደብረ ታቦር አንድ ዱቄት ፋብሪካ ስቀጠር ከሰው ጋር ማውራት ረስቼ ነበር። አምስት ዓመት በሰው ቤት ብቻዬን ሠርቻለሁ። ቢያመኝ የምነግረው፣ ቢከፋኝ የሚሰማኝ አልነበረም። ቤተሰቦቼ እብናት ናቸው፤ እኔ ግን ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ለብቻዬ መኖር መረጥኩ። እዚያ ጎረቤቱ ሁሉ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ሲለኝ የምመልሰው ስላጣሁ ነው።

ሥራዬ ዱቄት የሞላ ጆንያ አፉን በማሽን መስፋት ነበር። ጩኸቱን ወደድኩት፤ እሱ እያለ ማንም አያናግረኝም። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ስንዴ ማበጠሪያው ክፍል የሚሠሩ፣ በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ሴት ነበሩ። ሁለት ጊዜ የአባልነት ቅጽ ይዘውልኝ መጡ። ሁለቴም «ይቅርብኝ እትዬ፣ ጣጣ አልፈልግም» አልኳቸው። አልተቆጡም። ቅጹን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ሄዱ።

ክረምት ላይ አንድ ቀን የማሽኑ መርፌ ሌባ ጣቴን ከጆንያው ጋር አብሮ ሰፋው። ታክሜ ስመለስ ሥራ አስኪያጁ «እስኪሻልሽ ቤትሽ ሁኚ፤ እንጠራሻለን» አለኝ። ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ፤ የጠራኝ የለም። በሦስተኛው በቦታዬ ሌላ ሰው መቀጠሩን ሰማሁ። አልገረመኝም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እየሰማሁ እውላለሁ፤ አንዳንዱ ቀን አንዲት ቃል ሳልናገር ይመሻል።

ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ወደ እብናት ልሄድ ስሰናዳ በሩ ተንኳኳ። ሊቀመንበሯ ናቸው፤ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ከኋላቸው ሁለት የፋብሪካው ጆንያ ተሸካሚዎች ቆመዋል።

«ነገ ጠዋት ቢሮ እንገባለን፤ አብረሽን ነይ» አሉኝ።

«እኔ እኮ አባል አይደለሁም።»

«አውቃለሁ። ዛሬ አንቺን ዝም ካልን ነገ ሌላዋን ነው።»

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ «እሷው ሳትጠነቀቅ ነው» አላቸው። ሊቀመንበሯ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«የመርፌው መከለያ ከወለቀ ከርሟል። በደብዳቤ አሳውቀናችኋል። ልጅቱ ወደ ሥራዋ ትመለስ፣ መከለያውም ይገጠም። አይሆንም ካላችሁ ለሚመለከተው እናመለክታለን።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እንዴት እንደሆነ ንገሪያቸው።»

እየተንተባተብኩ ተናገርኩ። የደረሰብኝን ነገር እንዲህ ሰው ፊት ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ያቋረጠኝ አልነበረም።

ሥራ አስኪያጁ ተስማማና በሳምንቱ ሥራ ገባሁ። መከለያው ተገጥሞ ጠበቀኝ። ቅጹን ራሴ ጠይቄ ሞላሁ።

ማኅበር መግባቴ ብቸኝነቴን አላጠፋልኝም። እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ክፍሌ ውስጥ የሚጠብቀኝ ሰው የለም፤ ጣቴም ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዘኛል። ሊቀመንበሯ ዘንድሮ ጡረታ ወጥተው ይፋግ ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ሄዱ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘናቸው። ሚኒባሱ ሲነሳ ሌሎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ተበተኑ። እኔ ባጃጅ አልያዝኩም፤ ዳገቱን በእግሬ ጀመርኩት።

ከጆንያ ተሸካሚዎቹ አንዱ መንገድ ላይ ደረሰብኝ።

«ማክሰኞ ስብሰባ አለ። ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ» አልኩት።

ሌላ የምናወራው አልነበረንም። እስከ መታጠፊያው ግን አብረን ሄድን።