ድገመውና ወንድሜ ያኮረፉ ጊዜ

ባሌን መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፤ ሁሉም «ድገመው» ነው የሚሉት። ማሳ ላይ የተባይ መድኃኒት የሚረጩ ትንንሽ አውሮፕላኖች መካኒክ ነው። ከአውሮፕላኖቹ አንዱ ዕድሜ የተጫነው ስለሆነ የሞተር ማስነሻ የለውም። አንድ ሰው ፊቱ ቆሞ ፕሮፔለሩን በእጁ ካልመታው አይነሳም። ያ ሰው ባሌ ነው።

ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ጠያቂ ነው፣ ወይ ጣት የለውም። ባሌ ጠያቂ ነበር። ፕሮፔለሩን ከመንካቱ በፊት ወደ አብራሪው ቀና ብሎ «ኮንታክት ዝግ?» ይላል። ኮንታክት የሚሉት ለሞተሩ እሳት የሚሰጠውን ማብሪያ ነው፤ እሱ ክፍት ከሆነ ሞተሩ ፕሮፔለሩ ገና ሲነካ ሊነሳ ይችላል። አብራሪው ማብሪያውን በዓይኑ አይቶ «ዝግ» ይላል። ባሌም «ዝግ» ብሎ ይደግማል። ሞተሩ ቤንዚን እንዲስብ ፕሮፔለሩን ጥቂት ያዞረዋል፤ ከዚያ «ክፈት» ይላል፣ አብራሪው «ክፍት» ይላል፣ ባሌ «ክፍት» ይልና መትቶ ወደ ኋላ ይሸሻል። አዲስ አብራሪ ሁሉ መጀመሪያ ቀን ይስቃል። ባሌ ሳቁ እስኪያልቅ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይጠብቃል።

ቤትም ያው ነው። «ምድጃው ዝግ?» ካለኝ «ዝግ» እስክለው ከማድ ቤቱ በር ንቅንቅ አይልም። ታገቢኛለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ቀን እንኳን «እሺ» ስለው «እሺ» ብሎ ደገመና ወደ ሥራው ተመለሰ። ሌላ ሴት ብትሆን እዚያው ትተወው ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜም እዚያው መሥሪያ ቤት ስለነበርኩ ጠባዩን አውቀው ነበር።

የእኔ ሥራ እሳት ማጥፊያ ይዞ መቆም ነው። ሞተር ሲነሳ ድንገት እሳት ከተፈጠረ እንድረጭ ማለት ነው። ፀጉሬ እስኪሸብት ቆሜ አንድም ቀን እሳት አላየሁም፤ ባዶ አየር ስጠብቅ ኖርኩ። በዚህ ላይ ያንን አሮጌ አውሮፕላን የሚያበረው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ እናታችን ከሞተች በኋላ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት። በየማለዳው እንግዲህ ከፕሮፔለሩ ፊት ባሌ፣ ከፕሮፔለሩ ኋላ ወንድሜ፣ ጎን ላይ እኔ። ከቤተሰቡ እዚያ የሌለችው ድመቷ ብቻ ናት።

ጠቡን ያመጣው መሰላል ነው። ባሌ በገዛ እጁ የሠራው መሰላል ነበረው፤ ወንድሜ ጣራውን ሊጠግን ተዋሰውና አንዱ መርገጫ ተሰብሮ መለሰው። ባሌ «ግድ የለም» አለ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? ወንድሜ ግን ምሳ ላይ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ድሮም የተሰበረ ነበር» አለ። ለመካኒክ እንዲህ አይባልም፤ እናቱን ቢሰድቡት ይቀለዋል። ባሌ ምግቡን ትቶ ተነሳ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሆድና ጀርባ ሆኑ።

ላስታርቃቸው ያልሞከርኩት የለም። ባሌን ሳናግረው «እኔ ሰበርኩት ይበል፣ በቃ» ይላል። ወንድሜን ሳናግረው «እኔ ምን አልኩ?» ይላል። ድሮ «ጋሼ» ይለው የነበረውን ሰው «መካኒኩ» ማለት ጀመረ፤ ያውም ለእኔ፣ ለገዛ ሚስቱ። «መካኒኩ ቤት አለ?» ይለኛል። አፍንጫን ሲመቱት ዓይን ያለቅሳል የተባለው እንደኔ ላለችው ነው፤ ማንኛቸውም ቢመቱ የማለቅሰው እኔ ነኝ።

ቢሆንም ሥራ ነውና «ዝግ?» «ዝግ» ይባባሉ ነበር፤ እኔም በዚያው እጽናና ነበር። አንዲት ቃልም ብትሆን ቃል ናት። እያደር ግን እሷም ከበደቻቸው። አንድ ጠዋት ባሌ በ«ዝግ?» ፈንታ ቅንድቡን ከፍ አደረገ፤ ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ፤ ባሌም መልሶ ነቀነቀ። በዚሁ ቀጠሉ። ያን ሁሉ አብራሪ ቃል ያስደገመ ሰው በኩርፊያ እንደ እንሽላሊት አንገቱን ይነቀንቅ ጀመር። ተዉ ብላቸው ሁለቱም ነቀነቁልኝ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። እውነት ነው፣ ዝንብ አልገባም።

አንድ አመሻሽ ላይ ወንድሜ ከርጭት ተመለሰ። ቤንዚኑን ዘግቶ ሞተሩን አጠፋና ባሌ ሳይደርስበት ፈጥኖ ወርዶ ሄደ፤ ፊቱን ላለማየት። ድሮ ቢሆን እዚያም ላይ «ዝግ?» ይባል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ባሌ ቅንድቡን ከፍ አደረገ። ወንድሜ ካርታውን እያየ ነቀነቀ። ባሌ ፕሮፔለሩን ይዞ ሲያዞረው ሞተሩ ድው አለ፤ አንዴ ብቻ። ጎማው ሥር ታኮ ስለነበር አውሮፕላኑ ከቦታው አልተነቃነቀም። ባሌ ቀኝ እጁን በግራው ይዞ ቆመና በዝግታ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ክፍት ነው» አለ። ሁለት ጣቶቹ ሣሩ ላይ ነበሩ።

እኔ ምን አደረግኩ? እሳት ማጥፊያውን ረጨሁ። እሳት የሚባል ነገር የለም። ወንድሜ ዘሎ ወርዶ ወደ ባሌ ሲሮጥ ከራሱ እስከ እግሩ የማጥፊያውን ነጭ ዱቄት አለበስኩት። ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፤ ይዤው ስለነበር ይሆናል። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ከወፍጮ ቤት እንደወጣ ሰው ነጭ ሆኖ ተቀመጠ። ነርሷ በሽተኛው እሱ መስሏት አልጋ ልትፈልግለት ነበር።

ሥራ አስኪያጁ እዚያው ድረስ መጥቶ ኮንታክቱ ዝግ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀው። ወንድሜ መሬት መሬቱን እያየ «ዝግ ነበር። ችግሩ የሞተሩ ነው፤ ድሮም የተበላሸ ነበር» አለ። አጠገቡ ነኝ፣ በጆሮዬ ሰማሁ። ሞተሩን የሚጠግነው ማን ነው? ባሌ። የተበላሸ ሞተር ለበረራ አቀረበ ከተባለ እንጀራው አለቀ፤ ባለ ስምንት ጣት መካኒክ ደግሞ ሌላ ማን ይቀጥራል? ሥራ አስኪያጁ ራሱን ነቀነቀ። ሲነቀንቅ ሳይ ደሜ ፈላ።

ሰውየው እንደሄደ የወንድሜን ክንድ ይዤ ባሌ የተኛበት ክፍል አስገባሁት። ከልጅነቱ ጀምሮ ያጠራቀምኩትን ስድብ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ ባሌ ቀደመኝ። የተጠቀለለ እጁን ትራስ ላይ አሳርፎ ወንድሜን ከላይ እስከ ታች አየው። ስለ ንጣቱ ምንም አላለም።

«ኮንታክት ዝግ ነበር?» አለው።

ወንድሜ ራሱን ሊነቀንቅ ጀመረ።

«በአፍህ» አለ ባሌ።

ወንድሜ የተጠቀለለውን እጅ አየ። ከዚያ እንባው ዱቄቱ ላይ መንገድ እያወጣ ወረደ።

«ክፍት ነበር። ማታ ሳልዘጋው ወረድኩ። ጠዋትም አላየሁትም።»

«ክፍት ነበር» ብሎ ባሌ ደገመ።

«ጋሼ።»

«አቤት።»

«መሰላሉንም የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

ጣቶቹ ሲቆረጡ ያላለቀሰው ባሌ እዚህ ላይ አለቀሰ። ቢሆንም ደንቡን አልረሳም።

«አንተ ነህ» አለ።

«እኔ ነኝ።»

የተዘጋጀው ስድብ የትም ሳይደርስ ቀረ፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ።

ወንድሜ በዚያው ቀን፣ ዱቄቱን ሳያራግፍ፣ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄዶ እውነቱን ተናገረ። የማብረር ፈቃዱን ነጠቁት፤ ባሌ ከሥራው ንቅንቅ አላለም። ግን በሦስት ጣት ፕሮፔለር አይያዝምና አሁን የሚመታው ወንድሜ ነው፤ ባሌ አጠገቡ ቆሞ ቃሉን ያስደግመዋል። እኔ እሳት ማጥፊያዬን ይዤ ከኋላቸው ነኝ። አዲስ አብራሪ ሲስቅባቸው ሁለቱም እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሳቁ እስኪያልቅ ይጠብቁታል። እኔ በዚያ መሐል ጣቶቻቸውን እቆጥራለሁ። በየጠዋቱ አስራ ስምንት ነው።