ወደ ጉብታው ወይስ ወደ ውሃው

ሰሞኑን ሬዲዮው ነጋ ጠባ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ያወራል። ከእኛ ሩቅ ነው፣ በቆላው በኩል ነው ይላል። ባለፈው ሳምንት ታዲያ ምሳ ቀርቦ፣ የአምባዛው ጥብስ ገና እየተንጫጫ ሳለ፣ ልጄ ሁለት እጇን አናቷ ላይ አድርጋ ጠረጴዛ ሥር ግብት አለች።

«ምን ነካሽ?» አልኋት።

«መሬት ሲንቀጠቀጥ እንዲህ ነው የሚደረገው። አስተማሪያችን ዛሬ አለማመደን» አለችኝ እዚያው ሆና። «ሲያቆም ደግሞ ሰልፍ ይዘን ወደ ሜዳ።»

እናቷ ሳቀች። እኔ ግን ጉርሻዬን ትሪው ላይ መለስሁ። እጄን ታጥቤ ወጣሁ። ኋላ «ምነው፣ ልጅ ብትጫወት ትቆጣለህ?» ተባልሁ። አልተቆጣሁም። ግራ ገብቶኝ ነው። ይኸ ነገር ግራ ካጋባኝ ደግሞ ስንት ዘመኑ!

ያኔ ጣሊያን ባሕር ዳር ከገባ ሁለት ክረምት አልፎ ነበር። ከተማ የሚባል ነገር የለም። ቤተ ክርስቲያኑ አለ፣ ገበያው አለ፣ የጣሊያን ቆርቆሮ ቤቶች አሉ፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ ውሃው አፍ ላይ የእኛ የሙስሊሞቹ የሣር ጎጆዎች። ዓሣ እናጠምዳለን፣ ታንኳ እንሠራለን፣ ማገዶ በሐይቁ አመላልሰን እንሸጣለን። ከውሃው መቶ እርምጃ ብንርቅ የምንበላው የለንም።

አባቴ ታንኳ ሠሪ ነበሩ። ደንገሉ፣ ያ የሐይቁ ዳር ረጅም ሣር፣ ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ እየተገላበጠ ይደርቃል፣ በልጥ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ሲነገር ቀላል ነው። አባቴ ግን የታሰረውን በጉልበታቸው ተጭነው፣ ሲንቋቋ በድምፁ ብቻ፣ ይኸ ውሃ ያስገባል፣ ይኸ አያስገባም ይሉ ነበር። እኔ ያን ጆሮ አልወረስሁም። የወረስሁት ከእናቴ ወገን ምላስ ነው።

ዕድሜዬ አሥራ ስምንት ቢሆን ነው። ቁርአን ቤት ገብቼ ሳልጨርስ ወጣሁ፤ ፊደል ከጎረቤት ልጅ ጋር ቆጠርሁ፤ ከሁሉም ግማሽ ግማሹን ይዤ የቀረውን ለባለቤቱ ተውሁት። ጣሊያንኛውን ያወቅሁት በሞተር ጀልባቸው ላይ ጆንያ ስሸከም ነው። መጀመሪያ ስድቡን ቻልሁ። እነሱ ደግሞ ስድብ የቻለ ሁሉ ቋንቋ የቻለ ይመስላቸዋል፤ ለቀያሹ አስተርጓሚ አደረጉኝ። እዚያ ስሰደብ እውላለሁ፣ ሰፈር ስመለስ ደግሞ እኩዮቼ «ባንዳው መጣ» ይሉኛል። ጣሊያኑንም፣ እኩዮቼንም፣ ራሴንም እጠላ ነበር።

ቀያሹ ካርሜሎ ይባላል። ቀጭን ሰው ነው፤ አፍንጫው በፀሐይ ተልጦ ተልጦ የሌላ ሰው ይመስላል። ቀኑን ሙሉ ገመድ እየዘረጋ ችካል ይተክላል። አክስቴ ዘይነባ «ገመዴ» የሚል ስም አወጡለት። ገመዴ ጠዋት ጠዋት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ለጥቂት ልጆች ቁጥር ያስተምራል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ መሬት ያዳምጣል። አዎ፣ ያዳምጣል! ጆሮውን አፈር ላይ ደፍቶ ይተኛል። አንድ ጊዜ ወንዛዬ ሄደን፣ እኛ ለቁርጥማት የምንነከርበትን ፍል ውሃ ቢያይ፣ ጣቱን ነክሮ አወጣና አመድ መሰለ። «ከሥራችሁ እሳት አለ» አለኝ። «ታዲያ መታጠቢያችን ነው» አልሁት። አልሳቀም።

ሽማግሌዎቹን እየዞረ ይጠይቃል። እዚህ መሬት ተንቀጥቅጦ ያውቃል? እንግዲህ የእኛ ሰው እንግዳ ጠይቆት «አላውቅም» ማለት ነውር ይመስለዋል። «እንዴታ! በአያቴ ጊዜ ጋን ሰብሯል» ይሉታል። እሱ ይጽፋል።

«ሲንቀጠቀጥ ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ?» አለ ለአባቴ።

«ታንኳ ላይ እንወጣለን» አሉ አባቴ። «ውሃ ላይ ምን ይወድቅብናል?»

ስተረጉምለት ብድግ አለ። «አይሆንም! ወደ ውሃ አይኬድም! መጀመሪያ መሬቱ ነው፣ ቀጥሎ ውሃው ነው የሚመጣው!»

ይኸን ለበላዩ፣ ለጣሊያኑ ሹምም ነግሮት ኖሯል። በየካቲት ሹሙ አስጠራንና፣ ውሃ ሊበላችሁ ስለሚችል ለደኅንነታችሁ ሲባል ከዝናብ በፊት ከሐይቁ ርቃችሁ ወደ ሰባታሚት በኩል ትነሳላችሁ አለን። ለደኅንነታችን! የጀልባ መጋዘን የሚሠሩበት እንጨትና ቆርቆሮ እኮ ቀድሞ ሰፈራችን ጥግ ተራግፏል። ገመዴ መሬታችንን ሊያስወስድ ያመጣው ተረት ነው ብዬ ቆረጥሁ።

በማግስቱ ግን ራሱ እቤታችን መጣ። ደንገል ክምር ላይ ቁጭ አለና ቆቡን በእጁ ያሻል። «ተነሱ እንዲባል አልፈለግሁም» አለ። «ሹሙን ለምኜዋለሁ። ፊሽካ ስነፋ፣ ሦስት መቶ ቆጥሬ ሳልጨርስ ሁላችሁም ከሰፈሩ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ከወጣችሁ፣ ይኑሩ ብሎኛል።»

አባቴ አሰቡና «ምን ይጎዳናል? ሩጫ ነው» አሉ።

እሱ ሲወጣ እኔ ፈላሁ። «አባዬ፣ ሌላ አገር ሰው ሰብስበው የፈጁትን አልሰሙም? ባንድ ቦታ ሊያከማቹን ነው!»

«ሰምቻለሁ። የዚህ ሰው ዓይን ግን የገዳይ ዓይን አይደለም። የፈራ ሰው ዓይን ነው።»

ልምምዱ ተጀመረ። የመጀመሪያው ቀን ፊሽካው ሲነፋ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ገባ፤ ዕቃ ሊይዝ። አክስቴ ዘይነባ የዓሣ ወጥ ድስት ተሸክመው ጉብታው ላይ ደረሱ።

«ምንም አትያዙ ተብሏል እኮ!» አልኋቸው።

«እሳቱን አጥፉ አለ እንጂ ወጡን ተዉ አላለም። በርበሬውን አንተ ገዝተህልኛል?»

ቀስ በቀስ ግን ለመድነው። ሕፃን የሚያዝል ማን ነው፣ ዓይነ ስውሯን አሮጊት የሚመራ ማን ነው፣ ምድጃው ላይ አመድ የሚያለብስ ማን ነው፣ ሁሉም ተለየ። ገመዴ የልጆቹን ቆርቆሮ ቤት በር ገንጥሎ ወደ ውጭ እንዲከፈት አደረገው። ሰው ሲጋፋ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር አይከፈትም አለ። ልክ መሆኑ ራሱ አናደደኝ። በሁለተኛው ሳምንት ሦስት መቶ ሳይሞላ ጉብታው ላይ ቆመን ስናለከልክ፣ ገመዴ እንደ ልጅ ዘለለ። አባቴም ሳቁ። እኔም ልስቅ ስል ራሴን ያዝሁ።

ሹሙ ሊያየን የሚመጣበት ጠዋት ውሃው ጸጥ ብሎ፣ ደንገሉ ላይ ወፎች ይንጫጫሉ። ወደ ሥራ ልሄድ ስወጣ ቀና ብል፣ አራት አስካሪዎች፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች፣ ጉብታው ላይ መትረየስ ሲያወጡ አየሁ። ተክለው ዞር አደረጉት። አፉ ወደ እኛ ሰፈር ሆነ።

ገመዴን ልጠይቅ ሮጥሁ። ከሹሙ ጎን ቆሟል፤ ጠባቂዎቹ አላስጠጋም አሉኝ። ተመልሼ አባቴ ዘንድ ደረስሁ።

«አባዬ፣ መትረየስ አውጥተዋል!»

አባቴ እጃቸውን ከዓይናቸው በላይ ጋርደው አዩ። ብዙ አዩ። «ለሹሙ ጥበቃ ይሆናል» አሉ።

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነስ...» አሉና ደግመው ጉብታውን አዩ።

አክስቴ ሁለት ልጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። «እናንተ ስትመካከሩ እኔ ወዴት ልሩጥ? አንዱን ተናገሩ!»

«ወደ ታንኳው!» አልሁ። «ፊሽካው ሲነፋ ሁሉም ወደ ታንኳው። ለየቤቱ ንገሩ።»

አባቴ አልከለከሉኝም። «እሺ»ም አላሉኝ። ይኸን ዝምታ እስከ ዛሬ እያገላበጥሁ አየዋለሁ።

ፊሽካው ተነፋ። ሰው ሁሉ ለጉብታው ጀርባውን ሰጠ። እንዲያ ያለ ሩጫ በልምምዱ አንድ ቀን አልሮጥንም። ሕፃኑ ታዘለ፣ አሮጊቷ ተመራች፣ እሳቱ አመድ ለበሰ፤ ገመዴ ያስተማረው ሁሉ አንድ ሳይጓደል ተደረገ፣ አቅጣጫው ብቻ ተገለበጠ። ታንኳዎቹ ደንገሉ ውስጥ ጥልቅ ጥልቅ አሉ። እኔ አስተርጓሚ ነኝና ዳር ላይ ቀረሁ።

ገመዴ መጀመሪያ የተሳሳትን መስሎት ጉብታውን እያሳየ ደግሞ ነፋ። ከዚያ ፊሽካውን ወርውሮ ከነጫማው ውሃ ውስጥ ገባ። እስከ ደረቱ ደርሶ የአክስቴን ታንኳ ያዘ። «ንገራቸው! ውሃው ይመጣል፣ ንገራቸው!» እያለ ይጮህብኛል። አክስቴ መቅዘፊያውን አናቱ ላይ አነሱ። ከዚያ ቀስ ብለው አወረዱት።

«አንተ ልጅ፣ ይኸ ሰውዬ እያለቀሰ ነው። ምን ልበለው?»

እኔ ዞሬ ጉብታውን አየሁ። መትረየሱ አልተኮሰም። ሐይቁም ካለበት አልተነቃነቀም።

ሹሙ ሲጋራውን አፉ ላይ እንደ ሰካ፣ በገዛ ሰውዬው ላይ ጉልበቱን እየመታ ይስቅ ነበር። ድንገት ሳቁን ተወ። ሲጋራውን አውጥቶ ምን ያህል እንደ ቀረው አየ። ሐይቁን አየ። ከአክስቴ ታንኳ በቀር አንድ ሰው አይታይም።

«እነዚህ ሰዎች ሲፈልጉ እንዲህ ነው የሚጠፉት?» አለኝ።

ያችን ሰዓት ኮራሁ። ወላሂ ኮራሁ። ባንዳው ያሉኝ ሁሉ በሰሙኝ ብዬ፣ «ከዚህም ይፈጥናሉ!» አልሁት።

«ጥሩ» አለ።

በማግስቱ ትእዛዙ መጣ። ለሽፍታ ማሻገሪያ የሚሆን ታንኳ ሁሉ ይቃጠል፣ ሰዉም ይነሳ። የረጠበ ደንገል ግን አይነድም፤ ይጨሳል። ስለዚህ ባለቤቱ ራሱ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያድርቀው ተባለ። አራት ቀን ሙሉ አባቴ እኩለ ቀን ሲሆን እየሄዱ ታንኳቸውን ያገላብጡ ነበር። በመጨረሻ ጮህሁባቸው።

«አባዬ፣ ለእሳት እኮ ነው! ለምን ያገላብጡታል?»

«አንድ ወገኑ ብቻ ከደረቀ ይበሰብሳል» አሉኝ ሳያዩኝ።

ገመዴን ወደ ሌላ አገር ሰደዱት። በመሸንቲ መንገድ የሚሄደው ካሚዮን ላይ ሻንጣውን ታቅፎ ተቀምጧል። ተጠጋሁና «መትረየሱ ለእኛ ነበር?» አልሁት።

«አላውቅም» አለ። «አልነገሩኝም።»

ከዚያ ሳልጠይቀው ነገረኝ። በሰባት ዓመቱ አገሩ ተንቀጥቅጦ ቤታቸው ሳይወድቅ ተርፏል። እናቱና እህቶቹ ምንም የማይወድቅበት ቦታ ብለው ባሕር ዳርቻ ሮጡ። እሱ ጫማውን ሲፈልግ ኋላ ቀረ። ባሕሩ መጣ። ካሚዮኑ ሲነሳ እጁን አላወዛወዘም፣ እኔም አላወዛወዝሁም።

ሰባታሚት በኩል ጣሊያን እስኪወጣ ተቀመጥን። ታንኳ የለመደ እጅ የሰው ማሳ ማረም ሲማር ማየት ከባድ ነው። አክስቴ ዘይነባ ዓሣ ሳያዩ እዚያው ሞቱ። ቀሪዎቻችን ተመለስን፤ አባቴም ደንገላቸውን አጨዱ። ያን ነገር አንድ ቀን ብቻ አነሱት፣ ልጥ እየጠመዘዙ። «የሚያስፈራው ሲበዛ ሰው ወደሚያውቀው ነው የሚሮጠው። እኔም ወደ ውሃው ነበር የምሮጥ» አሉ። ይቅር ማለታቸው ይሁን ዝም ብለው መናገራቸው፣ አልጠየቅሁም።

ሰውየው እውነቱን ነበር። ሰፈራችንን የወሰዱብን ግን በእሱ እውነት ነው። በኔ ምላስም ነው። ሦስቱን አንድ ላይ ላስቀምጥ ስል አንዱ ይንሸራተታል። ቢናገሩት ቀላል የሚመስላቸው አሉ። «ጥፋቱ የጣሊያን ነው» ይሉኛል። እሱንማ እኔም አውቃለሁ!

ይኸን ስጽፍ ሰንብቼ፣ ዛሬ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ መሬቱ እውነትም ነቅነቅ አደረገን። ቀላል ነበር፤ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጫቀጨ፣ ዶሮዎቹ ጮሁ። ሰው ሁሉ ከየቤቱ ወጣ። እኔም ሮጬ መንገዱ መሐል ደረስሁና ቆምሁ። በአንድ በኩል ሐይቁ ያበራል፣ በሌላው በኩል ዳገቱ።

«የት ልትሄድ ነው?» አለኝ ጎረቤቴ።

«እሱን እያሰብሁ ነው» አልሁት።

አስቤ ሳልጨርስ መሬቱ ተወው።