አስፋልቱን አልሰጥም

የእኛ ከተማ ሰው የዓለምዘርፍን ሲያደንቃት «ደፋር ናት» ይላል፤ ሲናደድባት ደግሞ «እብድ ናት» ይላል። እኔ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ብዙውን ጊዜ ከተናደዱት ወገን ነበርኩ። ጎረቤቴ ናት፤ የሚለየን የባሕር ዛፍ አጥር ብቻ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያለኝ ሥራ ሁለት ነው፤ ሽምግልና መቀመጥና በአጥር ቀዳዳ የሰው ነገር መመልከት። ስለዚህ የእሷን ጉዳይ ከእኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣና እንከራከር።

ዕድሜዋ አርባ አልሞላም። ገና ወፍ ሲንጫጫ ከባዱን የቻይና ሳይክሏን እየገፋች ከግቢዋ ትወጣለች። የቀሚሷን ጫፍ ካቴና እንዳይበላው በላስቲክ ትጠፍራለች፤ ነጠላዋን ደረቷ ላይ አጣፍታ ትቋጥራለች። በአማኑኤል መንገድ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳ ከገበሬዎቹ ወተት ትሰበስብና ሁለት ጀሪካን ከኋላ ግራና ቀኝ አንጠልጥላ ትመለሳለች። የከተማው ሻይ ቤቶች ማኪያቶ የሚሠሩት በእሷ ወተት ነው። ረቡዕና አርብ ጾም ስለሆነ ወተት የለም። ዐቢይ ጾም ሲገባማ ጀሪካኖቹ ተደፍተው ይቀመጣሉ፤ እሷ ጎመን ትጭናለች። ሳይክሏ ግን ጾም አያውቅም።

ጣጣው ያለው መንገዱ ላይ ነው። ባጃጁ ያለ ፍሬቻ አፍንጫዋ ሥር ይታጠፋል። ዳር የቆመው አይሱዙ ስትደርስበት በሩን ይበረግድባታል። የሚኒባሱ ረዳት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ ልክ ጆሮዋ ሥር ሲደርስ በመዳፉ በሩን ያጮኸዋል፤ ስትደነግጥ ለማየት ነው። መንገዱ ወለል ብሎ ባዶ ሆኖ እንኳ ከኋላዋ ክላክስ የሚያንባርቅ ሾፌር አለ። ይህ ሁሉ በአንድ ጠዋት ሲሆን አይቻለሁ።

ሌላ ሰው ቢሆን ዋጥ አድርጎ ያልፍ ነበር። እሷ የገፋትን ሚኒባስ እስከ መናኸሪያ ትከተለዋለች። ላቧ ጠብ ጠብ እያለ ትደርስና ጋቢናውን አንኳኩታ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ፣ «እንደምን አደርክ ወንድሜ? ገና አልሞትኩም። አይተኸኝ ከሆነ ለምን ገፋኸኝ? ካላየኸኝ ደግሞ ዓይንህን ተመርመር!» ትለዋለች። ተሳፋሪው ይስቃል። ሾፌሩ መስታወቱን ይዘጋል።

አንድ ቀን በአጥሩ በኩል መከርኳት።

«አንቺ ልጅ፣ ዳር ዳሩን ብትሄጂ ምናለበት?»

«ዳሩ ጠጠር ነው ጋሼ።»

«ጠጠር ቢሆንስ?»

«ወተቱ ይናጣል።»

ሳቄ መጣ። የአፍ ብልጠት መሰለኝ። ጂኦግራፊ እንጂ ወተት አላስተማርኩም።

በጥቅምት፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ሁለቱን ጀሪካን ሙሉ ጭና ወደ ከተማ ስትገባ ከኋላዋ የመጣ ሚኒባስ ባጃጅ ደርቦ ቀደመ። ቀድሞም አላበቃ፤ ዳር ቆሞ እጁን ለሚያወዛውዝ አንድ ተሳፋሪ ሲል ድንገት ወደ ቀኝ ታጠፈ። ስፖኪዮው የሳይክሉን መሪ መታው። የዓለምዘርፍ ከነወተቷ ተዘረጋች፤ ግራ ክንዷ ተሰበረ። ወተቱ በአስፋልቱ ቁልቁል ወረደ፤ ያን ቀን ለሰፈሩ ውሾች ፋሲካቸው ነበር።

ሾፌሩ ይሄይስ ይባላል፤ የሃያ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ነው። ወርዶ መጀመሪያ ያየው ስፖኪዮውን ነው። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ «ዳር ይዘሽ አትሄጂም?» አላት። እሷም ከወደቀችበት ሳትነሳ «ታርጋህን ይዣለሁ» አለችው። ያዩት ሰዎች እንደነገሩኝ ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣትም፤ አላለቀሰችምም።

መንጃ ፈቃዱ ተያዘ። ከእሷ ጋር ካልታረቀ ነገሩ እንደማይዘጋለት ሲገባው እንደ አገራችን ወግ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሎቹ ሦስት ነበርን፤ የቅኔ መምህሩ መሪጌታ አካለ ወልድ፣ የይሄይስ አጎትና እኔ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደጇ ላይ ቆምን። ይሄይስ ከመንገድ ዳር ያነሳውን ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ከኋላችን ቆመ። ጥፋተኛ ድንጋይ ተሸክሞ ሲመጣ የተበደለው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ያወርድለታል፤ ሽማግሌም እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ በእኛ ሰፈር የለም።

«የዓለምዘርፍ ልጄ» አሉ መሪጌታ፣ «ልጁ አጥፍቷል፤ ጥፋቱንም አምኖ መጥቷል። እንግዲህ ስለ መድኃኔዓለም ብለሽ ይቅር በይው።»

ክንዷ በጄሶ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ብድግ ብላ ቆመች።

«ይቅር እላለሁ መሪጌታ። እርስዎ ደጄ ቆመው ምን ብዬ እምቢ እላለሁ?»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ግን እኛ ሽማግሎች አንድ በሽታ አለብን፤ ጥፋቱን ለሁለቱም ወገን ካላካፈልን ዕርቅ ያደረግን አይመስለንም። አንዱ ዘጠና፣ ሌላው ዐሥር ካልያዘ ምግባችን አይወርድልንም። እናም እኔ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁና «አንቺም ከእንግዲህ ዳር ዳሩን ልትሄጂ ቃል ግቢልን» አልኳት።

አጎትየው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። መሪጌታም «ደግ ተናገርክ» አሉ። እንዳለ የሚባለው ባሏ፣ አናጢ ነው፣ ዝምተኛ ሰው፣ ጥግ ላይ ቆሞ «እሺ በያቸው እንግዲህ፤ ካንቺ ወተቱ አይበልጥም» አላት። ሰውዬው ሚስቱ በወጣች ቁጥር ጆሮውን መንገድ ላይ ጥሎ እንደሚውል ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ሽማግሌ ፊት የተገባ ቃል አይታጠፍም። እሺ ካለች አበቃ፤ የወተቱ ሥራ ቀረ፣ የሰባት ዓመት ደንበኞቿ ተበተኑ ማለት ነው። እኔ ይህን አላወቅሁም። እሷ ግን ታውቃለች። ድንጋዩን አየችው፣ ባሏን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ይቅርታውን እሰጣለሁ» አለች። «አስፋልቱን ግን አልሰጥም።»

«ሽማግሌ ትረግጣለች እንዴ!» ብሎ አጎትየው ተቆጣ።

«አልረገጥኩም አባቴ። ካሳ ይገባኛል አይደል? ካሳዬ ገንዘብ አይደለም፤ አንድ ጠዋት ነው። ይሄይስ በእኔ ሳይክል የእኔን ወተት ያምጣልኝ፤ እናንተ ባላችሁት፣ ዳር ዳሩን። ወተቱ በደህና ከደረሰ ቃል እገባለሁ፤ ሁለተኛ አስፋልት አልረግጥም። ካልደረሰ ግን ይህን ነገር ደግሞ የሚያነሳብኝ ሰው እንዳይኖር።» ወደ ይሄይስ ዞረች። «ድንጋዩን አውርደው ወንድሜ። ማጅራትህ ምን ያደርግልኛል? እኔ የምፈልገው ጉልበትህን ነው።»

መሪጌታ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። ፈገግታቸውን እየደበቁ እንደሆነ አውቄባቸዋለሁ። «ፍርድ ነው» አሉና ተቀመጡ፤ እኛም ተቀመጥን።

ማክሰኞ ጠዋት ምስክር እንድሆን የተመረጥኩት እኔ ነኝ። እኔና የዓለምዘርፍ በባጃጅ ከኋላ ስንከተል ይሄይስ ሳይክሉ ላይ ወጣ። ሲወጣ እየሳቀ ነበር። በልጅነቱ በኪራይ ሳይክል ከተማውን ሲያምስ ያደገ ልጅ ነው፤ መንዳቱን ይችልበታል። ገበሬዎቹ ጋ ስንደርስ ጀሪካኖቹ ትኩስ በታለበ ወተት ተሞሉ፣ ክዳናቸው ጠበቀ፣ ጉዞ ተጀመረ።

ሳቁ መቶ ሜትር አልሄደም። የአስፋልቱ ጠርዝ ከጠጠሩ አንድ ስንዝር ከፍ ይላል፤ ጎማው ሲወርድ ጀሪካኖቹ ጓ! ብለው ተጋጩ። ከዚያ ድንጋይ መጣ። ከድንጋዩ በኋላ ለግንባታ የተከመረ አሸዋ፣ ከአሸዋው በኋላ ጭድ የጫኑ አህዮች፣ ከአህዮቹ በኋላ እንደ ቤቱ ተንፈላስሶ የቆመ አይሱዙ። ልጁ ሲታክተው ሹልክ ብሎ ወደ አስፋልቱ ወጣ። የዓለምዘርፍ ጭንቅላቷን ከባጃጁ አውጥታ «ዳር! ዳር!» ብላ ጮኸችበት። ደስታዋን አልደበቀችም፤ ለምንስ ትደብቅ?

ከተማው መግቢያ ላይ አንድ ሚኒባስ ከኋላችን እየበረረ መጣ። የይሄይስ የገዛ ማኅበር መኪና ነው። ረዳቱ ባልንጀራውን አላወቀውም፤ ጎንበስ ያለ ጀርባና ሁለት ጀሪካን ነው ያየው። አጠገቡ ሲደርስ በሩን በመዳፉ አጮኸና «ዳር ያዝ አንተ!» አለው።

ልጁ ዳር ነበር። ከዚያ የባሰ ዳር ቢኖር ቦዩ ነው። ደንግጦ መሪውን ጠመዘዘ፤ የፊት ጎማው ቦዩ ውስጥ ገባ፤ እሱም ጀሪካኖቹን አቅፎ በጉልበቱ ወደቀ። «ዓይን የለህም እንዴ! ሰው አይደለሁም እንዴ!» እያለ ከሄደው መኪና ኋላ ጮኸ። ፊቱ አመድ መስሏል።

የዓለምዘርፍ ከባጃጁ ወርዳ አጠገቡ ቆመች።

«ታርጋውን ይዘኸዋል?» አለችው።

ሱሪውን አራግፎ ተነሳና ቀሪውን መንገድ ነዳ፤ ዳር ዳሩን።

ሻይ ቤቱ የማርቲ ነው። ማርቲ ስለ ሽምግልናው የሰማችው ነገር የለም። እንደ ልማዷ ማጥለያውን ድስቱ አፍ ላይ አድርጋ ወተቱን ገለበጠች። ማጥለያው ላይ ቢጫ ቢጫ ፍርፋሪ ቀረ። በጣቷ ነካችው፣ አሸችው፣ ተቆጣች።

«ዛሬ ምን ነካሽ የዓለምዘርፍ? ይሄ ቅቤ አውጥቷል እኮ! ተንጦ ነው የመጣው። ለማኪያቶ አይሆነኝም፤ ቤትሽ ወስደሽ ጨርሰሽ ናጪው።»

ሁለተኛውም ጀሪካን እንደዚያው ነበር። የዓለምዘርፍ ዞራ እኔን አየችኝ። አፈርኩ። በአጥሩ በኩል እየሳቅሁ የመከርኳት መንገድ ይህ ነው። እንዲህም ሆኖ ሽማግሌ ነኝና ዝም ማለት አልሆነልኝም።

«እሺ፣ ረትተሻል» አልኳት። «እንግዲህ ወተት ስትጭኚ አስፋልቱን ያዢ። ባዶሽን ስትሆኚ ግን ዳር ዳሩን ሂጂ።»

ነገሩን በዕርቅ የቋጨሁት መስሎኝ ነበር።

«ጋሼ» አለች፣ «እኔ ከወተቱ አንሳለሁ?»

ሻዬን ትኩሱን ጨለጥኩት፤ ምላሴ ተቃጠለ፣ ደግ አደረገ።

ይሄይስ የተላጠ መዳፉን እያየ ቆይቶ «እታለም፣ ነገም እኔ ላምጣልሽ። በአስፋልቱ» አላት።

«ነገ ረቡዕ ነው። ሐሙስ ና» አለችው። ከዚያ ደህናውን እጇን ዘርግታ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለችው።

መጣም። መንጃ ፈቃዱ እስኪመለስለት፣ የእሷም ጄሶ እስኪፈታ፣ የነቢያት ጾም ሊገባ ቀናት እስኪቀሩት ድረስ ወተቱን እሱ አመላለሰው። ያ ማጅራቱ ላይ ይዞት የመጣው ድንጋይ ደጇ ላይ ቀርቷል። የሳይክሏ ማቆሚያ በአደጋው ስለተሰበረ የኋላ ጎማውን በድንጋዩ ታስደግፈዋለች። ክንዷ ድኗል፤ ክርኗ ላይ ብቻ ትንሽ ጠመም ብሎ ቀርቷል።

ባለፈው ጥር አማኑኤል ለቅሶ ደርሼ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ የይሄይስ ሆነ። ከተማው ልንገባ ዳገቱ ላይ ፍጥነቱን ቀነሰ። ከፊታችን አንዲት ሴት በሳይክል፣ የአስፋልቱን ቀኝ ይዛ፣ ቀስ እያለች ትወጣለች። ነጠላዋን ገና በሩቁ አወቅሁት። ከፊት ለፊት መኪና በመኪና ላይ ይወርዳል፤ መቅደም አይቻልም። ተሳፋሪው ማጉረምረም ጀመረ።

«ንፋባት እንጂ!» አለ ረዳቱ።

ይሄይስ አልነፋም።

«ዳር አትይዝም እንዴ ይቺ ሴትዮ!» አለች ከጎኔ የተቀመጠች ወይዘሮ።

እኔም ልከላከልላት ብዬ፣ አዋቂ ነኝና፣ «ወተት ጭና ይሆናል፤ በጠጠሩ ከሄደች ይናጥባታል» አልኩ።

ወይዘሮዋ ሳቀችብኝ። «ዛሬ አርብ ነው አባቴ! ምን ወተት አለ?»

አንገቴን አስግጌ አየሁ። እውነቷን ነው። ጀሪካን የለም፣ ጎመን የለም፤ ሳይክሉ ላይ ያለችው የዓለምዘርፍ ብቻ ናት።

ይሄይስ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ «አርብም ሰው ናት» አላት።

ዳገቱን እስክትጨርስ ተከተልናት። አናቱ ላይ ስትደርስ የግራ እጇን፣ ያንኑ የጠመመውን፣ በሙሉ ዘርግታ ምልክት አሳየችና፣ ማን ከኋላዋ እንዳለ እንኳ ዞራ ሳታይ፣ በራሷ ጊዜ ታጠፈች።