የማይታየውን ብርሃን የለካሁበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ጎሮ ባለው ቤታችን ኢንተርኔት ሊያስገባ የመጣው ልጅ ቀጭኗን ገመድ በመስኮት ሲስብ እናቴ፣ «በዚህች ክር ነው ያ ሁሉ ፊልም የሚመጣው?» አለችው። ልጁ ሳቀ። እኔ ግን በክሯ ውስጥ የሚያልፈውን ብርሃን አውቀዋለሁና አንድ የክረምት ቀን ትዝ አለኝ።

ያኔ ገና ልጅ እግር ነበርኩ። ቦሌ ሚካኤል፣ ከዳቦ ቤት በላይ ባለች የኢንተርኔት ዕቃ መጠገኛ ውስጥ እጠርግና ዕቃ አሽግ ነበር። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። ዓይን አፋርነቴ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አብራኝ የምታሽገው ራሄል፣ «አንቺ፣ ድምፅሽን በኪሎ ነው እንዴ የምትገዢው?» ትለኝ ነበር።

ባለቤቱ ጋሽ ከድር ረጋ ያሉ ወሎዬ ናቸው። ሥራ ሲቀዘቅዝ ሌዘር፣ ማለትም በኢንተርኔቱ ክር ውስጥ ብርሃን የሚልከውን ዕቃ፣ መለካት አስተማሩኝ። ብርሃኑ በዓይን አይታይም፤ የሞገዱን ርዝመት የሚነግረን ማጣሪያው ነው። ማጣሪያው ከብርሃን ሁሉ አንዱን ሞገድ ብቻ መርጦ ያሳልፋል። ቁልፉን ቀስ አድርጎ ማዞር፣ የብርሃኑ መለኪያ ከሁሉ ከፍ ሲል ቆም ብሎ ቁጥሩን ማንበብ፤ አሮጌ ሬዲዮ ላይ ጣቢያ እንደመፈለግ ነው። እኔ እንደሱ የወደድኩት ሥራ የለም። መናገር የለበትማ!

አንድ ቀን፣ «ጠዋት የለካሁትን ሌዘር ከምሳ በፊት ለኪው። ልክ ከሆንሽ የመለኪያው ወንበር ያንቺ ነው፤ ካልሆነ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ» አሉኝ። ጠዋት ሲለኩ ቁጥሩን «አሥራ አምስት ሃምሳ» ሲሉ ጆሮዬ ሰምቷል።

ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ከታች ትኩስ ዳቦ ይሸታል። ቁልፉን አዞርኩ። ብርሃኑ አሥራ አምስት ሃምሳ አንድ ላይ ከፍ አለ። ደገምኩት፤ ያው።

«ስንት ሆነ?» አሉ።

ሃምሳ ማለት እንዴት ቀላል ነበር! «ሃምሳ... አንድ» አልኩ።

«አልሰማሁሽም።»

«ሃምሳ አንድ ነው ጋሼ። ደግሜም አይቼዋለሁ።»

ፊታቸው ተኮሳተረ። ራሳቸው ተቀምጠው ለኩ፤ ሃምሳ አንድ። መነጽራቸውን አውልቀው አየሩን አሸተቱ።

«ይሄ ነገር ምነው በርበሬ በርበሬ አለኝ?»

በክረምት ሁላችንም ምሳ ዕቃችንን የምናሞቀው ሲሠራ በሚግለው የመለኪያው የኃይል ሳጥን ላይ ነበር። ለካ ራሄል «ስትፈተኚ እንዳይቀዘቅዝብሽ» ብላ፣ የጋለውን ሽሮዬን በፎጣ ጠቅልላ ከማጣሪያው ጀርባ አስደግፋልኛለች። ማጣሪያው ደግሞ ሲሞቅ ቁጥሩ ይሸሻል።

«ጋሼ፣ እኔ ለደግ ብዬ ነው!» አለች ራሄል፣ አፏን ይዛ።

«አንቺ ልጅ፣ ሌዘሩን ሽሮ አበላሸው እኮ!» ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ማጣሪያው እስኪበርድ ምሳችንን በላን፤ ከዚያ ስለካው ሃምሳ ላይ ቆመ። ጋሽ ከድር ግን ሁለተኛውን ቁጥር አልጠበቁም። ገና ስንበላ፣ «እኔ የምፈልገውን ሳይሆን ያየሽውን ነው የነገርሽኝ። ከነገ ጀምሮ ተቀመጪበት» ብለውኝ ነበር።

አሁንም ሰው ሲበዛ ድምፄ ይጠፋል። ወንበሩ ግን እስከዛሬ የእኔ ነው፤ እዚያ ተቀምጬ «ስንት ሆነ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው «አልሰማሁሽም» ብሎኝ አያውቅም።